ኮርኒሱ ይቅደም ወይስ ግድግዳው? በደሴ አንድ ቤት ውስጥ በሁለት ክፍሎች የታየ የልስን ቅደም ተከተል

ጉዳዩ በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ የተሠራ መኖሪያ ቤትን ይመለከታል። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ምድር ቤቱ በሶሌታ፣ ማለትም በኮንክሪት ጣሪያ፣ የተሸፈነ፣ ፎቁ ደግሞ በቆርቆሮ የተከደነ። ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ «ሐጂ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እዚህ እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። በእሳቸው በኩል ሆኜ ሥራውን የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ልስኑ የተጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ነው።

ምድር ቤቱ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት መኝታ ክፍሎች አሉ። ስፋታቸው እኩል ነው፤ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል፣ ከወለል እስከ ሶሌታ 2 ሜትር ከ80። ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ኮለንና ቢማቸው (ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚዎቻቸው) ኮንክሪት ነው። ግንበኞቹ እነዚያው፣ አሸዋውና ስሚንቶው አንድ ዓይነት፣ ወቅቱም አንድ። የተለየው ቅደም ተከተሉ ነበር፤ በቀኙ ክፍል ኮርኒሱ፣ ማለትም የሶሌታው የታችኛው ፊት፣ ቀድሞ ተለሰነ፤ በግራው ክፍል ግድግዳው ቀደመ። ቅደም ተከተል በሥራው ጥራት ላይ ምን እንደሚያመጣ እንዲህ ግድግዳ ተጋርተው በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ለማየት የሚገኝ ዕድል ብዙ አይደለም። ጉዳዩን በዝርዝር የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ በደሴም በኮምቦልቻም ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል፣ የሚያገኘው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ «ሁሉም ያው ነው» የሚል ነው። ያው አይደለም።

ግራው ክፍል ለምን በግድግዳ ተጀመረ?

ሶሌታው የተሞላው በአንድ ጊዜ አልነበረም። የቀኙ ክፍል ቀድሞ ተሞላ፤ የግራው ስሚንቶ እስኪደርስ ዘግይቶ ነው የተሞላው። ልስን ሊጀመር ሲል በግራው ክፍል የባህር ዛፍ ድጋፎቹ ገና እንደቆሙ ነበሩ። ለሶሌታ ድጋፍ ቢያንስ 14 ቀን፣ ለቢም ድጋፍ ደግሞ 21 ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው፤ እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ከተማ ኮንክሪት ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከዚያም በላይ ቢቆይ ይመረጣል። ስለዚህ ድጋፉን ማንሳት አይቻልም፤ ድጋፉ ቆሞ ደግሞ ኮርኒስ አይለሰንም።

ዋናው ግንበኛ ሐጂን እንዲህ አላቸው፦ «ሐጂ፣ እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ ግድግዳውን እንምታው። ኮርኒሱ ድጋፉ ሲነሳ ይደርሳል።» ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ግድግዳውን መጀመር እንደሚቻል፣ ነገር ግን ከሶሌታው በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይለሰን እንዲቀር፣ ቻክም (ከልስኑ በላይ የሚቀባው የጂፕሰም ማጠናቀቂያ) ፈጽሞ እንዳይነካ ተናገርኩ። በዚህ ተስማማን። በማግሥቱ ስመጣ ግን ሁለቱ ግድግዳዎች እስከ ሶሌታው ጥግ ድረስ ተለስነው ነበር። «ግማሽ ግድግዳ ትቶ መሄድ ለዓይን ያስጠላል» ነበር መልሱ።

ይህ ግትርነት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ምክንያት አለው፤ ሁለቱንም ማወቅ ለቤት ባለቤት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ልስን የሚኮናተረው በካሬ ነው። የዚያ ክፍል ኮርኒስ 14 ካሬ ነው፤ ግድግዳው በርና መስኮቱ ተቀንሶ 38 ካሬ ገደማ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ግንበኛው ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑ ከሥራው ትይዩ ሆኖ ይሠራል። ኮርኒስ ግን አንገት ቀልብሶ፣ ፖንቴ (የእንጨት መወጣጫ) ላይ ተንጠራርቶ፣ ግማሹ ድብልቅ ፊት ላይ እየወደቀ የሚሠራ ሥራ ነው። የሁለቱ የካሬ ዋጋ እኩል ከሆነ ማንም ሰው ግድግዳውን ቀድሞ ይመታል፤ ኮርኒሱን ወደ መጨረሻ ይገፋል። በዚህ ግንበኛውን አልወቅስም፤ ውሉ ራሱ ወደዚያ ይመራዋል።

ሁለተኛው ልማድ ነው፣ ልማዱም ከጭቃ ቤት የመጣ ነው። በጭቃ ቤት መጀመሪያ ግድግዳው ይመረጋል፣ ከጭድ ጋር የቦካው ጭቃ ይደርቃል፣ ይለሰናል፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጨርቅ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይወጠራል። በኋላ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲመጣም ኮርኒሱ ቺፕውድ ሆኖ ከግድግዳው ልስን በኋላ በምስማር ይመታ ነበር። ቅደም ተከተሉ በእነዚያ ቤቶች ትክክል ነው። የእጅ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የተማረ ግንበኛ «ግድግዳ መጀመሪያ» ሲል በልምድ የተፈተነ ነገር ነው የሚናገረው። የተለወጠው ቤቱ ነው። ሶሌታ ያለው ቤት ኮርኒሱም በስሚንቶ የሚለሰን ሆኗል፤ ያኔ የድሮው ቅደም ተከተል አይሠራም።

ግራው ክፍል ውስጥ የታየው

ድጋፉ ተነሳ። የሶሌታው ሆድ ሲታይ የፓኔሎቹ (ኮንክሪቱ የተሞላባቸው የቅርጽ ሰሌዳዎች) መጋጠሚያ መስመሮች ወጥተው፣ አንዳንድ ቦታ ኮንክሪቱ እንደ መስታወት ለስልሶ፣ ቡናማ ቅባት ይዞ ነበር። ፓኔሎቹን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተው ነው የሞሉት። በአካባቢያችን ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ፓኔሉ በቀላሉ እንዲላቀቅ ይረዳል። ነገር ግን ዘይት ባለበት ላይ ልስን አይይዝም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ እጅን በውሃ ነክሮ ወደ ላይ መርጨት። ኮንክሪቱ ውሃውን ከጠጣ ደህና ነው፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ዘይት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሶሌታ መታጠብና መነቆር ነበረበት። መነቆር ሲባል ልስኑ የሚይዝበት ሻካራ ፊት እንዲኖረው የለሰለሰውን ኮንክሪት በመዶሻና በመሮ ጥቅጥቅ አድርጎ ማቁሰል ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከተለሰነው ግድግዳ በላይ ነው። ፍርፋሪው በግድግዳው ላይ እየተወረወረ ትኩሱን ልስን ጫረው። ከዚያ የከፋው ግን ንዝረቱ ነው። ከሶሌታው ጋር የተያያዘው የግድግዳ ልስን የላይኛው ጠርዝ በመዶሻው ምት ተላቀቀ። ዓይን አያየውም፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ ግን ይሰማል። ጤነኛው ልስን ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። በስተ ምሥራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀበቶ ሙሉ በሙሉ ባዶ ድምፅ ነበረው።

ቀጥሎ እጥበቱ መጣ። ሶሌታው በዱቄት ሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ሲታሸት ዘይት የያዘው ውሃ የት ይሄዳል? በግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። ልስኑ ገና ውሃ ጠጪ ስለሆነ ዘይቱን ከውሃው ጋር መጠጠው። ያን ዕለት በጉልህ አልታየም። ቻኩ ከተቀባ በኋላ ግን ከቢሙ ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርዱ ቢጫ መስመሮች ብቅ አሉ። ቀለም ቀቢው ሁለት ጊዜ ቢደርብባቸውም እንደገና ወጡ። የዘይት እድፍ በጂፕሰምና በውሃ ቀለም ውስጥ ሠርጎ ይወጣል፤ መፍትሔው ያንን ልስን ቆርጦ ማውጣት ወይም በዘይት ቀለም መሠረት መዝጋት ነው።

ሌላው የልኩ ጉዳይ ነው። በክፍሉ ዙሪያ በውሃ ልክ የ1 ሜትር መስመር አስምረን ከዚያ ወደ ላይ ስንለካ የሶሌታው ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ በ22 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ይህ በፓኔል ለተሞላ ሶሌታ እንግዳ ነገር አይደለም። ልስኑ የሚያስተካክለውም ይህንኑ ነው፤ ዝቅ ያለው ጋ ቀጭን፣ ከፍ ያለው ጋ ወፈር እያለ አንድ ወጥ ፊት ይፈጥራል። ግን የግድግዳው ልስን ሶሌታውን ተከትሎ ወጣ ገባ ብሎ ቀድሞ ካለቀ፣ የኮርኒሱ ልስን ሲመጣ በአንዱ ጥግ ግድግዳውን 10 ሚሊ ሜትር ይሸፍነዋል፣ በሌላው 25። መስመሩ ቀጥ ሊል ኮርኒሱ ያለ አግባብ መወፈር ነበረበት። ኮርኒስ ላይ ደግሞ ወፍራም ልስን አደጋ ነው፤ ክብደቱ ራሱን ይጎትተዋል። አንድ ድርብ ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ጠቅላላውም ከ15 እንዳይዘል እመርጣለሁ። ከዚያ የሚያልፍ ጉድጓድ ካለ በሁለት ድርብ፣ የመጀመሪያው ከጠነከረ በኋላ ሁለተኛውን በመጫን መሙላት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርበት ካልታየ አይገባም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጥግ። ኮርኒሱ ቀድሞ ሲለሰን ልስኑ እስከ ብሎኬቱ ድረስ ይገባል፤ ኋላ የግድግዳው ልስን ከሥር መጥቶ ጠርዙን ደግፎ ይይዘዋል። ግድግዳው ሲቀድም ግን የኮርኒሱ ልስን ጠርዝ ከግድግዳው ልስን ፊት ጋር ተጋጥሞ ይቀራል፤ ከሥር የሚደግፈው የለም፣ የያዘው የራሱ ሙጫነት ብቻ ነው። በግራው ክፍል በሁለት ጥግ በኩል የኮርኒሱ ጠርዝ የእጅ ጣት ስፋት ያህል ተሰብሮ ወደቀ።

ስለ ፖንቴውም ልጨምር። የፖንቴው ጣውላ ጫፎች ግድግዳውን እየነኩ ነጥብ ነጥብ አወጡበት፤ ባሬላ (የድብልቅ መሸከሚያ) ሲገባና ሲወጣ የበሩ ጠርዝ ተሸረፈ። ከላይ የሚወድቀው ድብልቅ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ በማንኪያ (በግንበኛው የልስን መሣሪያ) ይፋቃል፤ የተፋቀበት ቦታ ይቆስላል። በላስቲክ መሸፈን ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ተሞክሯል፤ ፖንቴው ላይ ያለው ሰው ላስቲኩን ረግጦ ይቀደዋል።

በእርግጥ አንድ ነገር ላይ ግራው ክፍል አልተጎዳም። ኮርኒሱን ለማጠጣት የተረጨው ንጹሕ ውሃ በግድግዳው ላይ መውረዱ ጉዳት አላመጣም፤ ሁለቱም ስሚንቶ ናቸው፣ ውሃውን ይፈልጉታል። ውሃው ጠላት የሚሆነው ግድግዳው ቻክ ከተቀባ በኋላ ነው። ጂፕሰም ሲረጥብ ይለሰልሳል።

ቀኙ ክፍል

በቀኙ ክፍል ሥራው ገና ድብልቅ ሳይቦካ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ታየ። የመብራቱ ቱቦ ከሶሌታው የሚወጣበት ቦታ በወረቀት ተደፈነ፤ በግድግዳው ላይ የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖቹና ቱቦዎቹ ተቀበሩ። የበሩ ቴላዮ (ፍሬሙ) ቆመ፣ በቱንቢም ተፈተሸ። ብሎኬቱ ከኮለኑና ከቢሙ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ የዶሮ ሽቦ ተመታ፤ ብሎኬትና ኮንክሪት እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ያለ ሽቦ ያ መስመር ይሰነጠቃል።

ከዚያ ሶሌታው ታጠበ፣ ተነቆረ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ ተጠረገ። ፍርፋሪው ባዶ ብሎኬት ላይ ወደቀ፤ ዘይት ያለው ውሃም በአብዛኛው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ብሎኬቱ ላይ የወረደውን በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈትገን በብዙ ውሃ አጠብነው፤ ያልለቀቀውን ቦታ ነቆርነው። ብሎኬት ሲነቆር የሚበላሽ ነገር የለም፤ ገና ልስን ይጠብቀዋልና።

የ1 ሜትር መስመሩ ዙሪያውን ተሰመረ። ወደ ላይ ሲለካ የሶሌታው ዝቅተኛ ቦታ መሐል ላይ ተገኘ፤ እዚያ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተሰጥቶ የኮርኒሱ ልክ ከዚያ ተወሰደ። ይህ ልክ በአራቱም ግድግዳ ላይ በክር ተመታ። ግድግዳው የት እንደሚያልቅ የሚወስነው ኮርኒሱ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ክሩ ከተመታ በኋላ የግድግዳው ጫፍ አከራካሪ አልሆነም።

ቀጣዩ ቀጭን የስሚንቶ ርጭት ነው። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ስሚንቶ ለሦስት ሳጥን ሻካራ አሸዋ፣ ቀጠን ተደርጎ ተቦክቶ ሶሌታው ላይ በማንኪያ ተወረወረ፤ አልተዳመጠም፣ አልለሰለሰም። ሻካራነቱ ነው የሚፈለገው። ሌሊቱን አድሮ፣ ጠዋት ውሃ ተረጭቶበት የሚቀጥለው ድርብ ተመታ። ለዚህኛው አሸዋው ተነፍቷል። ድብልቁ በትንሽ በትንሹ ይቦካ ነበር፤ መጠንከር የጀመረውን ድብልቅ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ልስኑን ያደክመዋል። ይህንን ረዳቶቹ ላይ አጥብቄ ተቆጣጥሬያለሁ፤ በኮርኒስ ላይ የሚወድቀው አብዛኛው ልስን እንዲህ በውሃ የታደሰ ነው።

ኮርኒሱ ሲያልቅ ፖንቴው አልፈረሰም። ግንበኞቹ በዚያው ከፍታ ላይ ሆነው የግድግዳውን ላይኛ ክፍል የመጀመሪያ ድርብ መቱ፤ ከዚያ ፖንቴው ወርዶ ታችኛው ተመታ። ይህ ጊዜም ጉልበትም ያተርፋል፤ ነገር ግን ለሻካራው ድርብ ብቻ ነው የሚሠራው። ማጠናቀቂያው ድርብ ግድግዳው ሙሉ ፊቱ በአንድ ቀን፣ ያለ መቆራረጥ መመታት አለበት፤ ካልሆነ መጋጠሚያው ቀለም ከተቀባም በኋላ በብርሃን ላይ ያስታውቃል። ግድግዳዎቹም እርስ በርስ ተራ አላቸው፦ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ቀድመው ተመቱ፣ ሲጠነክሩ የቀሩት ሁለቱ። በዚህ ዓይነት ጥጉን ሲያስተካክሉ ረጅሙን የአሉሚኒየም ዘንግ የሚያስደግፉበት የጠነከረ ፊት ይኖራቸዋል። የመስኮቱ ጉንጮች ከዚያ በኋላ ናቸው። ከወለሉ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይለሰን ቀረ፤ የወለሉ ሥራ ሲያልቅ በዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ በሚለጠፈው ጠርዝ) ይሸፈናል፣ የወለሉም እርጥበት በልስኑ ሽቅብ አይወጣም።

ኮርኒሱና ግድግዳው በተገናኙበት ጥግ፣ ልስኑ ሳይደርቅ በማንኪያ ጫፍ ቀጭን መስመር ተቆረጠ። ሶሌታው ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይለምጣል፣ ግድግዳው ግን አይከተለውም፤ ስለዚህ እዚያ ጋ ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም። አስቀድሞ ከተቆረጠ ስንጥቁ በመስመሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ዓይንም አያየውም።

ልስኑ በየዕለቱ ለ7 ቀን ውሃ ጠጣ። ኮርኒስን ማጠጣት ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ግድግዳ ሲጠጣ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ኮርኒስ ግን ከላይ ስላለ ይዘለላል። የአትክልት መድኃኒት መርጫ ለዚህ በጣም ይመቻል።

በነገራችን ላይ፣ ኮርኒስ የሚለስን ሰው የዓይን መነጽር ማድረግ አለበት። ስሚንቶ ዓይንን ያቃጥላል። በዚህ ሥራ አንድ ወጣት ረዳት ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነበር፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጠበ፣ ጤና ጣቢያም ሄደ፣ ደህና ሆነ። ሐጂ በዚያው ቀን መነጽር አስገዙ።

ብርዱና ቻኩ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ስሚንቶ መጠንከሩ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ልስን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አልተጀመረም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አዲስ ድብልቅ አልቦካም፤ ማታ ላይ መስኮቶቹ በላስቲክ ይዘጉ ነበር። አንድ ጎረቤት ክፍሉ ቶሎ እንዲደርቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋትን መከረ። ይህን ማንም እንዳያደርግ እለምናለሁ። የልስኑ ፊት ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ ፀሐዩም ይበረታል። እነዚሁ ግንበኞች እዚያ ሲሠሩ ችግራቸው ልስኑ ቶሎ መድረቁ ነው፤ ብሎኬቱን ከመለሰን በፊት በደንብ ማርጠብ፣ ከለሰኑ በኋላም ጠዋትና ማታ ማጠጣት ያስፈልጋል። ከላይ ወደ ታች የሚለው ተራ ግን በሁለቱም ከተማ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በድርብና በድርብ መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ቻኩ ላይ ሐጂ ቸኩለው ነበር፤ የቤተሰብ ሠርግ ደርሶባቸዋል። ስሚንቶው ሳይደርቅ ጂፕሰም ከተቀባ ግን ሁለቱ በእርጥበት ውስጥ ተገናኝተው ያብጣሉ፣ ቻኩም ይላቀቃል። ዋናው ግንበኛም ይህን ያውቅ ስለነበር «አብሽሩ ሐጂ፣ ለሠርጉ ይደርሳል፣ ግን አሁን አይነካም» አላቸው። ድርቀቱን የፈተሽነው በላስቲክ ነው፦ ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ኮርኒሱና ግድግዳው ላይ አራት ጠርዙን በፕላስተር አጣብቀን አሳደርነው። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ጠብታ ይዞ ከተገኘ አልደረቀም። ኮርኒሱ ከግድግዳው በኋላ ነው የደረቀው። ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ሲያድር የኮርኒሱ ቻክ ተቀባ፣ ተከትሎ የግድግዳው። ሻካራው ልስን ከላይ ወደ ታች፣ ማጠናቀቂያውም እንደገና ከላይ ወደ ታች። ግድግዳው ሻካራው ልስን ገና ሳይመታ የኮርኒሱን ቻክ ቀብቶ መጨረስ ወይም አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አጠናቆ ወደ ሌላው መሄድ ሁለቱም አያስኬዱም።

ፎቁ ላይ ግድግዳው ቀደመ

ይኸው ቤት ፎቁ ላይ ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ ሶሌታ የለም፤ ቆርቆሮው በእንጨት ትራስ (የጣሪያ ተሸካሚ) ላይ ነው፣ ኮርኒሱም የጂፕሰም ቦርድ እንዲሆን ተወሰነ። እዚያ ግድግዳው እንዲቀድም ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ግንበኛው ፈገግ አለ፤ «ታች ላይ ሲከለክሉን ነበር» አለኝ። ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን አንድ ነው፤ ኮርኒሱ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ።

የጂፕሰም ቦርድ እርጥበት አይወድም። የግድግዳ ልስን ደግሞ ክፍሉን ለሳምንታት በእርጥበት ይሞላዋል። በዚያ ላይ የኮርኒሱ የብረት ፍሬም በዙሪያው ግድግዳው ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ልስኑ ጠንክሮ ካልጠበቀው ቡሎኑ ይፈታል፣ ልስኑም ይፈረፈራል። ስለዚህ ግድግዳው ኮርኒሱ ከሚያርፍበት ልክ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ተለሰነ፤ ክፍተት እንዳይኖርና አይጥ እንዳይገባ ነው። ልስኑ ደረቀ፣ ፍሬሙ ታሰረ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተዘረጋ፣ ቦርዱ ተመታ፣ መጋጠሚያዎቹ በቴፕና በስቱኮ ተዘጉ። ከዚያ ቻኩ እንደ ታችኛው ሁሉ ከኮርኒሱ ተጀመረ፣ ወደ ግድግዳው ወረደ።

ግራው ክፍል ምን ሆነ?

ዘይት የወረደባቸው መስመሮችና ባዶ ድምፅ የሰጠው የላይኛው ቀበቶ ተቆርጠው ወጡ። ቀበቶው ቀድሞውኑ እንዲቀር የተስማማንበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የኮርኒሱ የተሰበሩ ጠርዞች ተስተካክለው ተሞሉ፣ ጥጉ ላይ መስመር ተቆረጠ፣ ግድግዳው ከሥር መጥቶ ደገፈው። የጉልበቱን ወጪ ሐጂና ግንበኞቹ ለሁለት ተካፈሉ፤ ስሚንቶውን ሐጂ ቻሉ። ክፍሉ ከቀኙ በኋላ ዘግይቶ ደረሰ፣ ለሠርጉም ባለ ቀለም ሳይሆን ቻክ እንደተቀባ ነበር እንግዳ ያስተናገደው።

ደረጃው ላይ ያለው ሶሌታ ገና አልተለሰነም ነበርና ሐጂ ለእሱ አዲስ ስምምነት ጻፉ። የኮርኒስ ካሬ ዋጋ ከግድግዳው ለብቻው፣ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ። የኮርኒሱ ልስን በመዶሻ እጀታ ተመትቶ ርክክብ ሳይደረግበት የግድግዳ ክፍያ እንደማይጠየቅም ተጻፈ። ድጋፍ ገና ያልተነሳበት ቦታ ካለ ግድግዳው ከሶሌታው በታች 30 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲቆም፣ የተተወውም በካሬ ተለክቶ ኋላ እንዲከፈል ተጨመረ። ግንበኛው በዚህ ደስ ብሎት ፈረመ፤ ደረጃው ላይ ኮርኒሱን ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ መታ።